ሹፌሩ የመጣው ትናንት ነበር

አውሮፕላኑ ያረፈው 00:40 ላይ ነው። ፓስፖርቴን አስመትቼ፣ ሻንጣዬን ተቀብዬ ወደ መድረሻ አዳራሹ ስወጣ ስም የተጻፈበት ወረቀት የያዙ ሰዎች በብረት አጥሩ ዳር ተደርድረዋል። አንድ በአንድ አነበብኩ። የእኔ ስም የለም። አልፌው ይሆናል ብዬ ተመለስኩና ከጫፍ ጀምሬ እንደገና አነበብኩ። የለም። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ከሹፌሮቻቸው ጋር እየተጨባበጡ ወጡ። አዳራሹ ጭር አለ። የጽዳት ሠራተኛዋ የምትገፋው ማሽን በሻንጣዬ ዙሪያ ዞሮ ሲያልፍ ነው ማንም እንደማይመጣ የገባኝ።

መኪናውን ቀድሜ አስይዣለሁ። ከፍያለሁ። ማረጋገጫው ኢሜይሌ ውስጥ አለ። ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ የቦኪንግ ቁጥሩን ተቀብላ ጥቂት ፈለገችና፣ "ሹፌራችን መጥቶ ነበር። አንድ ሰዓት ጠብቆ ተመልሷል" አለችኝ።

"መቼ?"

"ትናንት ሌሊት።"

ክው አልኩ። ስህተቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ የራሴ ነበር። ገንዘቡ አልተመለሰም። በዚያ ሌሊት ታክሲ ፍለጋ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ለራሴም፣ ለቤተሰቤም፣ ለሥራ ባልደረቦቼም ብዙ የኤርፖርት ትራንስፈር፣ ማለትም ከኤርፖርት ተቀብሎ ሆቴል የሚያደርስ መኪና፣ አስይዣለሁ። የተማርኩትን እዚህ የምጽፈው ሌላ ሰው እንደኔ ባዶ አዳራሽ ውስጥ እንዳይቆም ነው።

ከትኬቱ እንጀምር። ትኬቴ ላይ መነሻው 14 ቀን 18:25 ይላል። መድረሻው ደግሞ 00:40፣ ከአጠገቡም በጣም ትንሽ ጽሑፍ +1 ይላል። ያቺ +1 "በማግስቱ" ማለት ናት። በረራው የተነሳው በ14 ማታ ነው፤ ያረፈው ግን እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ስለሆነ ቀኑ 15 ሆኗል። እኔ ፎርሙን ስሞላ ጉዞውን በጭንቅላቴ የያዝኩት "የ14ቱ ጉዞ" ብዬ ነበር። ቀን፦ 14። ሰዓት፦ 00:40። እንዲህ ሲጻፍ ደግሞ 14 ሲያልቅ ሳይሆን 14 ገና ሲጀምር ማለት ነው። እኔ ቤቴ ሆኜ ልብስ ሳጣጥፍ ሹፌሩ ስሜን ይዞ አጥሩ ዳር ቆሟል።

ሆቴሉ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። ክፍሉን የያዝኩት ከ14 ጀምሮ ነው፤ ያ ልክ ነበር። በሆቴል አቆጣጠር የ14 ሌሊት የሚባለው በ14 ከሰዓት በኋላ ገብተው በ15 የሚለቁት ነው። 15 ቀን 00:40 ላይ የሚያርፍ ሰው የሚተኛው ያንን ሌሊት ነው። ክፍሉን ከ15 ጀምሮ ቢይዝ ቁልፉን የሚያገኘው በ15 ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ሌሊቱን ሎቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያነጋል። ስለዚህ በአንድ ጉዞ ሁለት ቀን ይጻፋል። ለሆቴሉ 14፣ ለመኪናው 15። ይህን በደንብ ያዙት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚች ላይ ነው። ለሆቴሉም "ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው የምደርሰው" ብላችሁ አስቀድማችሁ ጻፉለት። አለዚያ እንግዳው ቀረ ብለው ክፍሉን ለሌላ ሰው ሊሰጡት ይችላሉ።

ያን ቀን ፎርሙ ላይ የበረራ ቁጥር የሚሞላበት ሳጥንም ነበር። "ግዴታ አይደለም" ስለሚል ባዶውን ተውኩት። እሱን ብሞላ ኖሮ ቀኑን ብሳሳት እንኳ አንድ ሰው "ይህ በረራ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት አያርፍም" ብሎ የመጠየቅ ዕድል ነበረው። ሹፌሩ መልኬን አያውቅም፣ ድምፄን አያውቅም። እኔን የሚያገኘኝ እዚያ ፎርም ላይ በጻፍኩት ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚጠቅመው የበረራ ቁጥሩ ነው። አውሮፕላኖች ያሉበትን ቦታ በራዲዮ ምልክት እያሰራጩ ነው የሚበሩት። እንደ ፍላይትራዳር24 ያሉ አፖች ያንን ተቀብለው ካርታ ላይ ያሳያሉ። የመኪና ድርጅቶችም በረራችሁን የሚከታተሉት በቁጥሩ ነው። በረራው ሁለት ሰዓት ቢዘገይ ሹፌሩ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል። ቁጥሩን ካልሰጣችኋቸው ግን የሚያውቁት የጻፋችሁትን ሰዓት ብቻ ነው።

በቁጥሩ ላይም የሚያሳስት ነገር አለ። ትራንዚት ካላችሁ የሚሰጠው የመጨረሻው በረራ ቁጥር ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የመጀመሪያውን ሰጠ። ትኬቱ ላይ ከላይ የተጻፈው እሱ ስለሆነ ነው። ድርጅቱ በረራው ማረፉን አየ፤ ያረፈው ግን ትራንዚት ከተማው ላይ ነው። ባልደረባዬ በሁለተኛው አውሮፕላን አየር ላይ እያለ ሹፌሩ መጠበቅ ጀመረ፣ የመጠበቂያው ጊዜ አለቀ፣ ሄደ። ሌላው ደግሞ አንድ በረራ ሁለትና ሦስት ቁጥር የሚይዝበት ጊዜ መኖሩ ነው። አየር መንገዶች ተስማምተው አንዱን አውሮፕላን እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቁጥር ይሸጣሉ። ትኬቱን የሸጠላችሁ አንዱ፣ የሚያበረው ሌላ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ የሚያበረውን አየር መንገድ ቁጥር ስጡ። ትኬቱ ላይ ካላገኛችሁት አየር መንገዱን ጠይቁ። ሁለቱንም ብትጽፉም ጥሩ ነው።

ኤርፖርቱንም በስሙ ጻፉ። የከተማው ስም ብቻውን አይበቃም። ኢስታንቡል አንዱ ኤርፖርቷ በአውሮፓ ወገን፣ ሳቢሃ ጎክቸን የሚባለው በእስያ ወገን ነው። ቶኪዮ ሃኔዳ እዚያው ከተማው ውስጥ ሲሆን ናሪታ ከመሃል ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። "ፓሪስ ቦቬ" ተብሎ የሚሸጥ ርካሽ ትኬት የሚያሳርፋችሁ ከፓሪስ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው፤ የመኪናው ዋጋም በዚያው ልክ ይለያል። ተርሚናሉንም ጨምሩበት። ትልልቅ ኤርፖርቶች ላይ ከአንዱ ተርሚናል ወደ ሌላው ለመሄድ ባቡር ወይም አውቶቡስ ያስፈልጋል። ሹፌሩ የተሳሳተው ተርሚናል ላይ ከቆመ መንገዱ ሩቅ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ልብ የማይለውን ልንገራችሁ። መኪናውን ያስያዛችሁበት ድረ ገጽ ብዙ ጊዜ የመኪናው ባለቤት አይደለም። አገናኝ ነው። ገንዘቡን እሱ ይቀበላል፤ ሥራውን እዚያው ከተማ ላለ የመኪና ድርጅት ይሰጣል። ያ ድርጅት ደግሞ የስምሪት ሠራተኛ አለው፣ ሹፌሩን የሚልከው እሱ ነው። ሌሊት ላይ ችግር ሲገጥማችሁ ለአገናኙ ስትደውሉ እሱ ለድርጅቱ ይደውላል፣ ድርጅቱ ለስምሪቱ፣ ስምሪቱ ለሹፌሩ። በዚህ መሃል 20 ደቂቃ ያልፋል። ሹፌሩ ምናልባት እዚያው አጠገባችሁ ካለ ምሰሶ ጀርባ ነው። ስለዚህ ከጉዞው አንድ ቀን በፊት የማደርገው አንድ ነገር አለ። ለድረ ገጹ እጽፍና የስምሪቱን ቀጥታ ስልክ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ ይሰጣሉ። የሹፌሩን ስምና ስልክ፣ የመኪናውን ታርጋ የሚልኩት ግን ሰዓቱ ሲቃረብ ነው፤ እናንተ አየር ላይ ሆናችሁ ስልካችሁ ዝግ እያለ ሊሆን ይችላል። የስምሪቱ ቁጥር ቀድሞ በእጅ ከገባ ይህ አያስጨንቅም።

የምልከው መልእክት ይህን ይመስላል። በምትሄዱበት አገር ቋንቋ ወይም በእንግሊዝኛ ላኩት፤ በአማርኛ ሲሆን እንዲህ ነው።

"ሰላም። የቦኪንግ ቁጥሬ ይህ ነው። የማርፈው 15 ቀን 00:40 ነው፤ በ14 እና በ15 መካከል ባለው ሌሊት ማለት ነው። የመጨረሻው በረራዬ ቁጥር ይህ ነው፤ ተርሚናል 2። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ አለኝ። ሹፌሩ የሚቆምበትን ቦታ እና የስምሪት ክፍሉን ስልክ ይላኩልኝ። ቀኑን በትክክል እንደያዛችሁት በመልሳችሁ ጻፉልኝ።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት። "እሺ፣ ደርሶናል" የሚል መልስ ለእኔ መልስ አይደለም። ቀኑን ራሳቸው እንዲጽፉት ነው የምፈልገው። አንድ ጊዜ ቀኑን ሲጽፉልኝ የእነሱ መዝገብ ላይ ሌላ ሰዓት ሰፍሮ አግኝተን አስተካክለናል።

ስለ መጠበቂያ ጊዜ። አብዛኞቹ ድርጅቶች ኤርፖርት ላይ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ በነፃ ይጠብቃሉ። ሆቴል በር ላይ ሲሆን 15 ደቂቃ ገደማ ነው። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው በአብዛኛው አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ ነው። እናንተ ከበሩ ስትወጡ አይደለም። አንድ ጊዜ በሰዓቴ ለካሁት። ጎማው መሬት ከነካ በኋላ አውሮፕላኑ እየተንከባለለ መቆሚያው ጋ ለመድረስ 11 ደቂቃ ወሰደ። ከመቀመጫዬ ተነስቼ እስክወጣ 9። እስከ ፓስፖርት መቆጣጠሪያው የእግር መንገድ 8። ሰልፉ 17። ሻንጣዬ ብቅ እስኪል 12። በጉምሩክ በኩል አልፌ አጥሩ ጋ ስደርስ 60 ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው። ያ ደግሞ ምንም ችግር ያልነበረበት ቀን ነው! ስለዚህ የ30 ደቂቃ ነፃ መጠበቂያ ያለው ርካሽ አማራጭ ሻንጣ ላስጫነ ሰው አይሆንም። አንዳንድ ድረ ገጾች "ሹፌሩ ካረፋችሁ ከስንት ደቂቃ በኋላ ይምጣ?" ብለው ይጠይቃሉ። የእጅ ሻንጣ ብቻ ከያዝኩ 30፣ ሻንጣ ካስጫንኩ 50 እላለሁ። ይህን ምርጫ ካገኛችሁ ተጠቀሙበት።

ሻንጣ ባይመጣስ? ቀበቶው ባዶውን እየዞረ ሲቆም ሰው ይደነግጣል፣ ሹፌሩም ውጭ እየጠበቀ ነው። ያኔ የሚመጣው ሐሳብ "ሆቴል ልግባና ነገ ደውዬ እጠይቃለሁ" የሚል ነው። እንዲህ አታድርጉ። መጀመሪያ ለሹፌሩ ወይም ለስምሪቱ "ሻንጣዬ አልመጣም፣ እያስመዘገብኩ ነው" ብላችሁ አንድ መስመር ላኩ። ከዚያ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ያለው የሻንጣ ቢሮ ሄዳችሁ ፎርም አስሞሉ፤ የመዝገብ ቁጥሩንም ተቀበሉ። አንዴ ከአዳራሹ ከወጣችሁ መመለስ ከባድ ነው። በ1999 የወጣው የሞንትሪያል ስምምነት በሚሠራባቸው ጉዞዎች የተጎዳ ሻንጣ በተቀበላችሁ በ7 ቀን ውስጥ፣ የዘገየ ሻንጣ ደግሞ ከተረከባችሁት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ አቤቱታው በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ለሹፌሩ ተጨማሪ ጥበቃ ትንሽ ብትከፍሉ ይሻላል።

ስልክ ሌላ ጣጣ ነው። "ኤርፖርቱ ዋይፋይ አለው፣ እዚያ እደውላለሁ" ብላችሁ አትተማመኑ። እኔ አንድ ቦታ ላይ ዋይፋዩን ስከፍት ስልክ ቁጥሬን ጠየቀኝ። ሰጠሁት። የማረጋገጫ ኮድ በኤስኤምኤስ ልኬያለሁ አለኝ። ሲም ካርዴ ደግሞ እዚያ አገር አይሠራም። ኮዱ አልመጣም፣ ዋይፋዩም አልተከፈተም። አሁን ከመነሳቴ በፊት ወይ ሲሜ ውጭ አገር እንዲሠራ ሮሚንግ አስከፍታለሁ፣ ወይ ኢሲም፣ ያለ ካርድ ስልኩ ላይ የሚጫን ሲም፣ እጭናለሁ። ማረጋገጫውን ስክሪንሹት አደርጋለሁ፤ ኢሜይል ያለ ኢንተርኔት ላይከፈት ይችላል። የስምሪቱን ስልክና የሆቴሉን አድራሻ ደግሞ በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ጽፌ ፓስፖርቴ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ባትሪ ሲያልቅ ዋጋዋ ይታወቃል። ስልክ ቁጥራችሁን ፎርሙ ላይ ስትሞሉም ከመደመር ምልክቱና ከአገሩ መለያ ቁጥር ጋር ይሁን። እዚያ አገር ላይ የሚሠራው ቁጥር የትኛው እንደሆነም አስቡበት፤ ቤት ያስቀራችሁትን ሲም ሹፌሩ ቢደውልበት አያገኛችሁም።

አሁን ስለ አጥሩ ዳር። አንዴ ገና በሩን እንደወጣሁ አንድ ጥሩ አድርጎ የለበሰ ሰው ፈገግ ብሎ ቀረበኝ። "ትራንስፈር? የትኛው ሆቴል?" አለኝ። ደክሞኛል፤ ሳላስበው የሆቴሉን ስም ነገርኩት። "አዎ አዎ፣ እዚያ ነው የምወስድህ። ሹፌርህ ታሞ እኔን ላኩኝ" አለና እጁን ወደ ሻንጣዬ ዘረጋ። ሻንጣውን ያዝ አድርጌ "ስሜ ማን ነው?" አልኩት። ዓይኑ ሻንጣዬ ላይ ወደተንጠለጠለው ወረቀት ሄደ። ስሜን ከዚያ ለማንበብ እየሞከረ ነበር። ቆይ ብዬ ለስምሪቱ ደወልኩ። የእኔ ሹፌር ደህና ነው፤ ከቡና መሸጫው አጠገብ ስሜን ይዞ ቆሟል። ቀና ስል አየሁት። ሰውየውን ሳየው ደግሞ ወደ ሌላ ተሳፋሪ ሄዷል።

ከዚያ ወዲህ ስሜንም ሆነ ሆቴሌን ቀድሜ አልናገርም። "የማንን ስም ይዘህ መጣህ? ወዴት ነው የምትወስደኝ?" ብዬ እጠይቃለሁ። እውነተኛው ሹፌር ሁለቱንም ያውቃል፣ ሲጠየቅም ቅር አይለውም። መኪናው ጋ ስደርስ ታርጋውን ከተላከልኝ ጋር አስተያየዋለሁ። ጨዋነት ይዟችሁ ይህን እንዳትተዉት፤ በተለይ ብቻችሁን በሌሊት የምትጓዙ ሴቶች።

መኪናውን ስትመርጡ ከሰው ቁጥር ይልቅ ሻንጣውን ቁጠሩ። ለአንድ የቤት መኪና "3 ሰው" ተብሎ ይጻፋል፤ የኋላው ዕቃ ማስቀመጫ ግን በአብዛኛው የሚይዘው ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ነው። ትልቅ ሻንጣ ስል አየር መንገዶች ብዙ ጊዜ የሚፈቅዱትን፣ ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ ሲደመር እስከ 158 ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን ነው። ሦስት ሰው እያንዳንዱ አንድ አንድ ከያዘ ሦስተኛው ሻንጣ ጭን ላይ ነው የሚሄደው፣ ወይም ሹፌሩ አልጭንም ይላል። ያኔ ሚኒቫን ይዛችሁ ቢሆን ትንሽ ብቻ ነበር የምትጨምሩት። የሕፃን ጋሪ፣ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ዊልቸር ካለም አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ልጆች ካሏችሁ የልጅ መቀመጫ ጠይቁ። ዕድሜ ብቻ አትጻፉ፤ ኪሎና ቁመትም ጨምሩ። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ሕጉ ቁመትን ይመለከታል፤ እንደየአገሩ ከ135 ወይም ከ150 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ ለቁመቱ የሚሆን መቀመጫ ያስፈልገዋል። እህቴ ሁለት ልጆች ይዛ ስትሄድ "አንድ የልጅ መቀመጫ" ብላ ብቻ አዘዘች። የመጣው ለጨቅላ የሚሆን ነበር፤ ልጇ ደግሞ አራት ዓመቱ ነው። ሹፌሩ በጎ ሰው ስለነበር ሌላ እስኪመጣለት ጠበቃት። ሁሉም እንዲህ አይሆንም።

ዋጋው ላይ ረጅም ነገር የለኝም። የተጻፈው ለመኪናው እንጂ ለሰው አለመሆኑን አረጋግጡ። የመንገድ ክፍያ፣ ፓርኪንግና የሌሊት ጭማሪ ውስጡ መኖሩን እዩ። ብዙዎቹ ከጉዞው 24 ሰዓት በፊት ከሰረዛችሁ ገንዘቡን ይመልሳሉ፤ አንዳንዶቹ ግን 48 ይላሉ። ስለዚህ ሰዓቱን አንብቡ። ለሹፌሩ እጅ በእጅ የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ በየትኛው ገንዘብ እንደሚቀበልና ካርድ መቀበሉን ቀድማችሁ እወቁ።

እውነቱን ለመናገር ሁሌም ትራንስፈር አያስፈልግም። ብቻዬን ስሆን፣ በቀን ሳርፍ፣ የእጅ ሻንጣ ብቻ ይዤ ባቡር መሃል ከተማ የሚያወርደኝ ከሆነ በባቡር ነው የምሄደው። ሌሊት ከሆነ፣ ልጅ ወይም አረጋዊ ካለ፣ አራት ሰው ከሆንን፣ ወይም ከተማውን ጭራሽ የማላውቀው ከሆነ መኪና አስይዛለሁ። ሆቴሉንም መጠየቅ አይከፋም። አንዳንዱ በነፃ ይቀበላል። አንዳንዱ ከድረ ገጹ ያስወድዳል፤ ግን አንድ ነገር ቢበላሽ ኃላፊው ክፍላችሁን የያዘው ያው ሆቴል ነው፣ ሪሰፕሽኑም ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ያነሳል።

የሆቴሉ አድራሻ ሙሉ ይሁን። ትልልቅ ሆቴሎች በአንድ ከተማ ውስጥ በአንድ ስም ሦስትና አራት ቦታ ይኖራቸዋል። የመንገዱን ስም፣ ቁጥሩንና የሆቴሉን ስልክ ጻፉ። አሮጌ ሰፈር ውስጥ ከሆነ ደግሞ "መኪና እስከ በሩ ይደርሳል?" ብላችሁ ሆቴሉን ጠይቁ። ቬኒስ ደሴቷ ላይ ሆቴል ይዛችሁ መኪና ብታዙ ሹፌሩ የሚያወርዳችሁ ፒያሳሌ ሮማ የሚባለው አደባባይ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መኪና የለም፣ ጀልባ ወይም እግር ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሻንጣ ይዞ በሌሊት ከማወቅ አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ወደ ኤርፖርት ለመመለስ የያዛችሁት መኪና ካለ ከዋዜማው ማታ አረጋግጡ። ለዓለም አቀፍ በረራ ከሦስት ሰዓት በፊት ኤርፖርት ለመድረስ አስሉና መንገዱን ጨምሩበት። ስትመጡ በሌሊት 30 ደቂቃ የፈጀው መንገድ ጠዋት ሰው ወደ ሥራ ሲሄድ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሪሰፕሽኑን ብትጠይቁ የዚያን ሰዓት መንገድ ያውቁታል።

ከሁሉ የበለጠ የተጨነቅኩበት ግን እናቴ ብቻዋን የመጣች ጊዜ ነው። እኔ እዚያ ከተማ የምደርሰው በማግስቱ ነበር። እሷ ደግሞ የአገሩን ቋንቋ አታውቅም፣ ጉልበቷንም ያማታል። አየር መንገዱን የዊልቸር እርዳታ ጠየቅኩ፤ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት መንገር ይገባል። የዊልቸር ተሳፋሪ ከአውሮፕላኑ ብዙ ጊዜ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ለስምሪቱ ይህንንም ጻፍኩላቸው፤ የመጠበቂያ ጊዜውን ከፍዬ ጨመርኩ። ፎርሙን የሞላሁት በራሴ ስም ስለነበር ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የእኔ ስም ሊሆን ነበር! "ዋና ተጓዥ" የሚለው ቦታ ላይ የእሷን ስም በፓስፖርቷ እንዳለው አስገባሁ።

ከዚያ አንድ ወረቀት አዘጋጀሁላት። በትልልቅ ፊደል፣ በላይ በኩል በአገሩ ቋንቋ "ይህን ስም የያዘ ሹፌር እየጠበቀኝ ነው፤ እባክዎ ወደ እሱ ያድርሱኝ" ይላል። ከሥሩ የእሷ ስም፣ የሹፌሩ ድርጅት ስልክ፣ የሆቴሉ አድራሻ፣ የእኔ ስልክ። ከኋላው በአማርኛ፦ "እማዬ፣ ስምሽን ካላየሽ ከማንም ጋር አትሂጂ። ተቀመጪና ይህን ወረቀት ለዊልቸር ገፊው አሳዪው።"

ስምሪቱን ደግሞ አንድ ነገር ለመንኩ። ሹፌሩ ቦታው ሲደርስ የቆመበትን ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ። ላከ። ግራጫ ሹራብ የለበሰ ወጣት ነው፤ የእናቴን ስም በትልቁ አጽፎ ደረቱ ላይ ይዞታል። ፎቶውን ለእናቴ ላክሁላት። ስልኳን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው። ከበሩ ስትወጣ ወረቀቱን ሳይሆን ሹራቡን ነው የፈለገችው።

ሆቴል ገብታ ስትደውልልኝ መጀመሪያ የነገረችኝ ስለ ክፍሉ አልነበረም። "ልጁ ቦርሳዬን እስከ ክፍሌ በር አደረሰልኝ፣ ውሃም ገዛልኝ። ለመመለሻውም እሱኑ በላቸው" አለችኝ። ለስምሪቱ ጻፍኩላቸው። ሥራ ላይ ከሆነ እንልካለን አሉ። በመመለሻዋ ቀን ሎቢ ውስጥ አብሬያት ቁጭ ብያለሁ፤ እሱ ያንኑ ሹራብ ለብሶ በመስታወቱ በር ሲገባ ከእኔ ቀድማ ያየችው እሷ ናት።